የመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ተወሰደበት አገር ይመለስ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. እንደተመሠረተ በዜና ይነገራል፤ በበዓሉ መድረክ ይነበባል፤ ጸሐፊም ከጸሐፊ እየተቀበለ ይደግመዋል። ማኅበሩ የቆመው የፈረስን ውለታ ለማሰብ ነው፤ በዓድዋም ሆነ በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ፈረስ ተዋጊ ተሸክሞ፣ ስንቅና ቁስለኛ አመላልሶ የዋለውን ውለታ። ይህ አያከራክርም። ዓመተ ምሕረቱ ግን ልብ ብሎ ላየው ጥያቄ ያጭራል። በ1932 ዓ.ም. ጣሊያን ገና አልወጣም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ድንበር የተሻገሩት በጥር 1933 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የሄደውም ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ማኅበሩ የተመሠረተው ጠላት አገሩን ይዞ ሳለ ነው? ከሆነ በምን ሽፋን ተሰበሰቡ? በቅዱስ ጊዮርጊስ ጽዋ ስም ይሆን? ነው ወይስ የቆመው ከነጻነት በኋላ ሆኖ ዓመቱ በሰው አፍ ሲመላለስ ጥቂት ወደ ኋላ ሸሸ? የመጀመሪያው እውነት ከሆነ በጎጃም የአርበኝነት ታሪክ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ሁለተኛው ከሆነም ዓመቱ ይታረማል እንጂ የማኅበሩ ክብር አይጎድልም።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ታላቅ ፕሮፌሰር አይጠይቅም። ባንጃና አንከሻ ወረዳዎች ወርዶ ከአባላቱ ልጆችና የልጅ ልጆች ጋር የሚቀመጥ፣ የማኅበሩን መዝገብ የሚያገላብጥ፣ የሰማውን ከሌላ ምንጭ ጋር የሚያመሳክር አንድ ተመራቂ የታሪክ ተማሪ ይበቃዋል። እንዲህ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ አሉን። በ2010 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል የጀመረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እዚያው እንጅባራ ላይ ነው፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስም ሩቅ አይደሉም። ችግሩ ጥናቱ የሚሄድበት መንገድ ነው። ተማሪው ወደ ትውልድ ቀዬው ይሄዳል፤ ሽማግሌውን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ በአውንጊ ይጠይቃል፤ የሰማውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል፤ በአማካሪው እጅ ያሳርማል፤ በፈታኝ ፊት ይከራከርበታል፤ አስጠርዞ ያስረክባል፤ ጋውን ለብሶ ይመረቃል። ጥራዙ ሼልፍ ላይ ይወጣል። የተናገሩት ሽማግሌ ምን እንደተጻፈ ሳያውቁ ያልፋሉ። የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ከሕዝብ አፍ የተወሰደ ታሪክ ተማሪው ከመመረቁ በፊት ሕዝቡ በሚያነበው ቋንቋ፣ አጥሮና ምንጩን ይዞ ወደ ሕዝቡ ይመለስ። ይህም ለፈቃደኛ ብቻ የተተወ በጎ ሥራ ሳይሆን የምረቃ ግዴታ ይሁን።

የተማሪ ጥናት ይህን ያህል ዋጋ አለው ወይ የሚል ይኖራል። የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ የኋላ ገጾች ማየት ነው። በየምዕራፉ ከተዘረዘሩት ምንጮች ውስጥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች የተሠሩ የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። አንድ ትውልድ የአገሩን ዘመናዊ ታሪክ የተማረበት መጽሐፍ በከፊል የቆመው ስማቸውን ማንም በማያውቃቸው ተማሪዎች ድካም ላይ ነው ማለት ነው። ልማዱም ከዚያ ይቀድማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ ሰብዕ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ባሳተመው ቡለቲን ተማሪዎች ስለየመጡበት አገር ባህልና ወግ ይጽፉ ነበር። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ አንባቢውም ጥቂት ነበር፤ ቢሆንም ተማሪ የጻፈው ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለአንባቢም ነው የሚል እምነት ነበረበት። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከጥቂት ተነሥተው ከአርባ በላይ ሲሆኑ ይህ እምነት አብሮ አልበዛም።

እንጅባራና ዳንግላ በሚገኙበት በአዊ ነገሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ምድር የተጻፈው ጥቂት አይደለም፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ሰው ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ሲመጣ የጎንደር ከተማ ከብቱን፣ ማሩን፣ ቅቤውንና ስንዴውን ከአገው እንደሚጠብቅ፣ አገዎችም ሺህም ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ ተከታትለው ሸክማቸውን ይዘው ወደ ከተማው እንደሚገቡ ጽፏል። ይህ የጎንደርን ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ሳይሆን ከገበያው በኩል እንድናይ የሚያደርግ ምስክርነት ነው። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 መቀመጫውን ዳንግላ አድርጎ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያጠናውን በ1936 በመጽሐፍ አውጥቷል። ሮበርት ሄትዝሮን የአውንጊን የግሥ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1969 በመጽሐፍ አሳተመ። ታደሰ ታምራት የአገውን ሕዝብ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1988 በታወቀ የአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ተነተነ። አብዱሰመድ ሐጂ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1980 ለሁለተኛ ዲግሪው ያቀረበው ጽሑፍ የጎጃምን ንግድና ፖለቲካ የሚመለከት ነው። አምስቱም የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። የዳንግላ ልጅ አንድ ቆንስል በከተማው ዘጠኝ ዓመት ያህል ተቀምጦ እንደነበር ቢሰማ እንኳ በአማርኛ የሚያነበው ነገር ማግኘቱ ያጠራጥራል።

በአማርኛ ሲጻፍ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ምሳሌም እዚያው ጎጃም ውስጥ አለ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ፣ በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉት ሠዓሊና ጸሐፊ፣ የጎጃምን ሕዝብ ትውልድና ታሪክ በአማርኛ ጽፈው ትተዋል። ጽሑፉ ለረጅም ጊዜ በእጅ ግልባጭ ብቻ ኖረ፤ ተመራማሪ ይጠቅሰዋል፣ ሌላው አንባቢ ግን አያገኘውም ነበር። ግርማ ጌታሁን አዘጋጅተው በ2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ከታተመ በኋላ ግን ማንም ገዝቶ የአያቱን የትውልድ ሐረግ የሚፈልግበት፣ ካልተስማማውም የሚከራከርበት መጽሐፍ ሆነ። ክርክሩ ነው ዋናው። ታሪክ የሚከራከሩበት ሰዎች ሲበዙ ነው የሚጠራው።

ለምሳሌ ሰባቱ የአገው ቤቶች ከላስታ በኩል የመጡ የወንድማማቾች ዘር ናቸው የሚለውን ትውፊት እንውሰድ። የቋንቋ ሊቃውንት ደግሞ ከአራቱ የአገው ቋንቋዎች ማለትም ከአውንጊ፣ ከኽምጣኛ፣ ከቅማንትኛና ከብሊን ከሌሎቹ ይበልጥ የራቀው አውንጊ ነው ይላሉ። ቋንቋ እንዲህ የሚራራቀው ረጅም ዘመን ተለያይቶ ሲኖር ነው። ታዲያ የሰባቱ ወንድማማቾች ጉዞ መቼ ተደረገ? ከእነሱ በፊት በዚህ ምድር አገውኛ የሚናገር ሰው ነበር? ትውፊቱ የሚተርከው የሕዝቡን ሁሉ መምጣት ነው ወይስ የገዢ ቤተሰቦችን? አንዱ ሌላውን አያፈርሰውም፤ አብረው ሲቀመጡ ግን ከሁለቱም የተሻለ ጥያቄ ይወጣል። ይህን ጥያቄ ዛሬ የሚያውቁት እንግሊዝኛውን ያነበቡ ጥቂት ሰዎች ናቸው። ትውፊቱን በልቡ የያዘው ሰው ደግሞ ጥያቄው መኖሩን አልሰማም። ታሪክም ጦርነትና ዘር ቆጠራ ብቻ አይደለም። በፋግታ ለኮማ ሰው ዲከረንስ የሚለው ዛፍ እንዴት ገባ፣ እህል ይዘራበት የነበረውን መሬት እንዴት ወደ ከሰል ማሳ ቀየረው የሚለው የዘመናችን ታሪክ ነው፤ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ተጽፎበታል፤ ዛፉን የተከለው ገበሬ ግን ስለራሱ የተጻፈውን አላነበበም።

ባዶው ቦታ ባዶ ሆኖ አይቀመጥም። በፌስቡክና በቴሌግራም ታሪክ ነጋዴው ብዙ ነው። ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደተናገረው፣ ከየት እንደተገኘ የማይታወቅ ጽሑፍ በአንድ ምሽት ሺህ ሰው ዘንድ ይደርሳል። አንባቢውን መውቀስ ከንቱ ነው፤ የተሻለ ነገር አላቀረብንለትም።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ጠንካራው የጥራት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ ደካማ ነው፤ ከሌላው የተገለበጠ አለ፤ ጭራሽ በገንዘብ የተጻፈም አለ፤ ይህን ለሕዝብ ማውጣት ስሕተትን ማባዛት ነው ይባላል። ሕመሙ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን መደበቅ አይደለም፤ ሕመሙ የሚብሰው በመደበቁ ነው። ተማሪው ጽሑፉን አማካሪውና ፈታኙ ብቻ እንደሚያነቡት ያውቃል። አማካሪው ብዙ ተማሪ ተደርቦበታል፤ ስለ ዚገም ወይም ስለ ጓንጓ ቀበሌዎች ዝርዝር ነገር የሚያውቅበት ዕድልም ጠባብ ነው። በገንዘብ የሚጽፍ ሰውም ተማምኖ የሚሠራው ማንም አያነበውም ብሎ ነው። አምስት ስድስት ገጽ አማርኛ ለአዘና ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንደሚላክ የሚያውቅ ተማሪ ግን ያልሄደበትን ሄድኩ፣ ያላናገረውን ሰው አናገርኩ ለማለት ይፈራል። የአካባቢው ሰው ከማንኛውም ፈታኝ የበለጠ ፈታኝ ነው፤ የአባቱ ስም ሲሳሳት ዝም አይልም። ደግሞ ሁሉም ይውጣ አላልኩም። ትምህርት ክፍሉ ይምረጥ፤ የወጣው ላይ የጥናቱ ዓይነትና ደረጃ ይጻፍበት፤ ያልተረጋገጠው ያልተረጋገጠ መሆኑ በግልጽ ይባል። እንዲህ ብሎ መጻፍን መማር ራሱ ከታሪክ ትምህርት ዋናው ክፍል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ታሪክ በዚህ አካባቢ ደም አስከፍሏል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከልና በጃዊ በጉሙዝና በጎረቤቶቹ መካከል የሆነውን ግጭት ሁሉም ያውቃል፤ ታዲያ በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ለምን ያስፈልጋል? ነገሩን አለሳልሼ አላልፈውም። የታደሰ ታምራትና የአብዱሰመድ ሐጂ አሕመድ ጥናቶች ጉሙዝ ከደጋው እየተገፋ ወደ ቆላው እንደወረደ፣ በባሪያ ንግዱ ዘመንም የደጋው ገዢዎች፣ የአገውም ገዢዎች ጭምር፣ ጉሙዝን ያስወርሩና ያስማርኩ እንደነበር ያሳያሉ። ይህ የአዊ ታሪክ አካል ነው። በአማርኛ ቢወጣ የሚከፋው ይኖራል። ነገር ግን ጉሙዙ ይህን ታሪክ ከማንም ጥናት አልጠበቀም፤ ከአያቱ ሰምቶታል። የደጋው ልጅ ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ተከባብሮ የኖረበትን ብቻ ሰምቷል። ሁለቱ ሲጣሉ እያንዳንዱ ሌላው የማያውቀውን ታሪክ ይዞ ነው የሚጣላው። በምንጭ የተደገፈ፣ ማን ምን እንዳደረገ ከነዘመኑ የሚለይ ጽሑፍ ደግሞ ለበቀል አይመችም፤ ጥፋቱን ከጠቅላላ ሕዝብ ላይ አንሥቶ በዚያ ዘመን ሥልጣንና ጥቅም በነበራቸው ሰዎች ላይ ያስቀምጠዋልና። ለበቀል የሚመቸው ዘመንም ስምም የሌለው ታሪክ ነው። የራሱን ወገን ጉድለት የማይጽፍ ተማሪ የበዓል ንግግር እንጂ ጥናት አልሠራም፤ መምህሩም በዚህ ላይ ጠበቅ ማለት አለበት።

በአንድ ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው፤ እሱም የተናጋሪዎቹ ጉዳይ ነው። በታሪክ ትምህርት ክፍሎች ልማድ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ መጨረሻው ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር አለው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ከጎኑም ስለ ሰውየው አንድ ሁለት መስመር አስተያየት። ባላባት ቤት ያደጉ፣ የአርበኛ ልጅ፣ የመሬት ይዞታን ጉዳይ ጠንቅቀው የሚያውቁ እየተባለ ይጻፋል። ሃያ ሠላሳ ዓመት ሲያልፍ ከጥናቱ ሁሉ ውድ የሚሆነው ይህ ሠንጠረዥ ነው፤ የሰዎቹ ድምፅ የቀረው እዚያ ብቻ ነውና። ይሁን እንጂ አንድ ሽማግሌ ለአንድ ተማሪ፣ ለዚያውም ለዘመድ ልጅ፣ ቤታቸው ውስጥ የተናገሩት ነገር ገበያ ላይ እንዲነበብ ፈቅደዋል ማለት አይደለም። ስለ ዓድዋ ሲናገሩ ችግር የለም። በደርግ ዘመን ማን ማንን እንደጠቆመ፣ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የማን መሬት ለማን እንደተሰጠ ሲናገሩ ግን ዛሬም ጎረቤት ከጎረቤት የሚያካስስ ነገር ነው። ስለዚህ ለሕዝብ የሚወጣው ጽሑፍ ከሙሉው ጥራዝ የተለየ መሆን አለበት፤ ተናጋሪው ሁለት ጊዜ ይጠየቅ፤ አንዴ ለጥናቱ፣ አንዴ ለሚወጣው። አይሆንም ያለ ሰው ቃል ጥራዙ ውስጥ ይቆይ። ይህ የታሪኩን የተወሰነ ክፍል ያስቀራል፤ ይቅር።

የቋንቋው ክርክር ለእኔ ቀላሉ ነው። ተማሪው በአማርኛ ሰምቶ በእንግሊዝኛ የጻፈውን መልሶ በአማርኛ መጻፍ ሸክም ይሆንበታል የሚሉ አሉ። ተማሪው መጀመሪያ የሰማው በአማርኛ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩም ቴፑም ያለው በዚያው ቋንቋ ነው። እንዲያውም ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ የጠፋውን ርስት፣ ጉልት፣ ምሥለኔ፣ ጭቃ ሹም የመሳሰለ ቃል ከነሙሉ ትርጉሙ የሚያገኘው ያኔ ነው። በአዊ ደግሞ ከአማርኛ ሌላ አውንጊ አለ። ልጆች በመጀመሪያ ደረጃ የሚማሩበት ቋንቋ ነው፤ በግእዝ ፊደል ይጻፋል፤ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽንም ያሰራጭበታል። የሚያነቡት መጽሐፍ ለጠፋባቸው የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ስለ ዘንገና ሐይቅ፣ ስለ ገበያቸው፣ ስለ ቀበሌያቸው አመሠራረት ሁለት ገጽ አውንጊ ማቅረብ የሚችለው ከዚያው የወጣው ተማሪ ነው። ማንበብ የማይችሉት ደግሞ በሬዲዮ ይሰሙታል፤ ታሪኩን የሰጡት ብዙዎቹም እነሱ ናቸው።

መንግሥት በዚህ ረገድ ምንም አላደረገም ማለት አይቻልም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ መሠረት በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ጥናቶች፣ የመመረቂያ ጽሑፎችም ጭምር፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገቡ ተደንግጓል። በጎ እርምጃ ነው፤ ግን የሚያገለግለው ፈልጎ ማግኘት ለሚችልና እንግሊዝኛ ለሚያነብ ነው። በተጨማሪም በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር መርሳት የለብንም። ማከማቻው ወረቀትን አይተካም። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ካቢኔት ውስጥ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ላይ የሚቀመጥ የታተመ ቅጂ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ገንዘቡስ የሚል መምጣቱ አይቀርም። ስድስት ገጽ በአሥር ኮፒ ስልሳ ገጽ ነው፤ ተማሪው ለጥራዙ ማስጠረዣ ከሚያወጣው አይበልጥም። የሚኒስቴር ደብዳቤም መጠበቅ አያሻም፤ የመመረቂያ ጽሑፍ አቀራረብ መመሪያ በየትምህርት ክፍሉ ስብሰባ የሚሻሻል ነገር ነው። የፊደል መጠኑ አሥራ ሁለት፣ የመስመር ክፍተቱ አንድ ተኩል ይሁን ብሎ የወሰነ ጉባኤ፣ ከጥራዙ ጋር ስድስት ገጽ አማርኛ ወይም አውንጊና ቅጂው የደረሳቸው ሰዎች ፊርማ ይቅረብ ብሎ ለመወሰን የሚያንሰው ሥልጣን የለም።